የማይሳሳት ጣት፦ በስልክ ላይ ዜማ ስለሚያሠሩ ጌሞች



ሙዚቃ ያልተማረ ሰው ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ቢነካካ፣ የሚወጣው ድምፅ ዜማ ዜማ ይላል። የትኛውንም ቢያስቀድም፣ የትኛውንም ቢያስከትል ጆሮ የሚጎረብጥ ነገር አይሰማም። ሦስት ሆነው ከተጠጋጉት ጥቁሮች የመጀመሪያውን መነሻ አድርጎ ወደ ቀኝ ቢሄድ ደግሞ የሐበሻ ጆሮ ወዲያው የሚለየውን ነገር ያገኛል፤ ትዝታ ሜጀር ነው። አምስት ድምፅ ይቆጥርና ስድስተኛው ላይ የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ይመለስለታል። ይህን ሰው ከስህተት ያዳነው የሰለጠነ እጅ አይደለም፤ ነጮቹን አትንካ መባሉ ነው።

የዛሬው ዲስኩር ስለ ስልክ ጌሞች ነው። ከጌሞችም ሁሉ፣ ተጫዋቹ ድምፅ ለመፍጠር ብቻ ስለሚነካካቸው ቀለል ያሉ የሙዚቃ ጌሞች ነው። ታክሲ ወረፋ ላይ አምስት ደቂቃ የተረፈው ሰው ይከፍታቸዋል፤ መመሪያ ሳያነብ፣ ልምምድ ሳያደርግ ደስ የሚል ነገር አውጥቶ ይዘጋቸዋል። ሙዚቀኞች ብዙ ጊዜ ይንቋቸዋል፤ ወላጆችም ከተኩስ ጌም አይለዩዋቸውም። ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ያመልጣቸዋል። የእነዚህ ጌሞች ሙያ ያለው ሠሪው ለተጫዋቹ ምኑን እንደሚከለክለውና ምኑን እንደሚተውለት በመምረጡ ላይ ነው፤ ጥሩው ከመጥፎው የሚለየውም እዚያ ላይ ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ከወዲሁ ይያዝ።

ሐሳቡ ስልክ ከመፈጠሩ ብዙ ይቀድማል። በ1757 የዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ተማሪ የነበረው ዮሐን ፊሊፕ ኪርንበርገር በርሊን ላይ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ባለቤቱ ዳይስ ይወረውራል፣ የወጣውን ቁጥር ሰንጠረዥ ላይ ይፈልጋል፣ እዚያ የተመለከተውን የዜማ ቁራጭ ይገለብጣል፤ እንዲህ እያለ አንድ ሙሉ የፖሎኔዝ ወይም የሜኑዌት ዳንስ ዜማ ይጨርሳል። የዜማ ድርሰት ሕግ አንድም አያስፈልገውም። ሰንጠረዡ ውስጥ የገቡት ቁራጮች ሁሉ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እንዲስማሙ ሆነው አስቀድመው የተጻፉ ናቸውና፣ ዳይሱ የቱንም ቢመርጥ የሚመርጠው ከተፈቀደው ውስጥ ነው።

ጨዋታውን ከማሽን ጋር ካጋቡት ሰዎች ውስጥ ቀድሞ የሚነሣው ጃፓናዊው አርቲስት ቶሺዮ ኢዋይ ነው። በ1987 ለኒንቴንዶ ፋሚኮም የሠራው ኦቶኪ ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ የተኩስ ጌም ነው፤ አንድ ክብ ፍጥረት እየበረረ በስምንት አቅጣጫ ይተኩሳል። እያንዳንዱ አቅጣጫ ግን የራሱ ኖታ አለው። ተጫዋቹ ቁልፉን መቼም ይጫነው መቼ፣ ማሽኑ ኖታውን ለጥቂት ይዞት ከኋላ ከሚሄደው ምት ጋር ሲገጥም ብቻ ይለቀዋል። በመሆኑም ሰውየው እየተኮሰ ሳያውቀው ምት የጠበቀ ዜማ ይጫወታል። ያቺ ጥቂት ቆይታ ከዚያ በኋላ ለመጡት አብዛኞቹ ጌሞች እናት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያው ኢዋይ በ2005 ለኒንቴንዶ ዲኤስ ኤሌክትሮፕላንክተንን አወጣ። ውሃ ውስጥ የሚኖሩ አሥር ዓይነት ፍጥረታት አሉት። ሃነንቦው በተባለው ክፍል ትንንሾቹ ፍጥረታት ከውሃው ተስፈንጥረው ይወጡና የተክል ቅጠሎች ላይ እየነጠሩ ይወድቃሉ፤ የነኩት ቅጠል ሁሉ ይጮኻል። ተጫዋቹ የሚያደርገው ነገር ቢኖር የቅጠሎቹን አቅጣጫ በጣት ማዘንበል ብቻ ነው። ነጥብ የለ፣ ደረጃ የለ፣ ማሸነፍ የለ። የሠሩትን ማስቀመጫም የለ! ማሽኑ ሲጠፋ ዜማውም አብሮ ይጠፋል። ብዙ ተቺዎች በዚህ ተናደዱ። ቅሬታቸው ግማሽ እውነት አለው። አንድ ሰው የወደደውን ለጓደኛው ማሰማት ካልቻለ ይቆጨዋል። የማይቀመጥ ዜማ የሚጫወት ሰው ግን ስለ ውጤቱ ስለማይጨነቅ ጆሮው ይከፈታል፤ ኢዋይ የከለከለው ነገር የሰጠው ነገር እንደነበረ ተቺዎቹ አላዩለትም።

በስልክ በኩል የነበረው ታሪክ አጭር ነው። ኖኪያ 3310 ኪሱ የነበረ ሰው የጥሪ ድምፅ የሚጻፍበትን ክፍል ሳያስታውስ አይቀርም፤ ቁጥሮቹን እየጫኑ አንድ በአንድ ኖታ ማስገባት ነበር፤ ትዕግሥት ላለው ሰው የተሠራ። ነገሩ የተለወጠው በ2008 ነው። አፕል በጁላይ አፕ ስቶርን ከፈተና በጥቂት ወራት ውስጥ የዛሬዎቹ ጌሞች ሁሉ ዘር የሆኑት ወጡ።

በኦክቶበር ብሉም መጣ። የሠሩት እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖና ባልደረባው ፒተር ቺልቨርስ ናቸው። ስክሪኑን የነካ ሰው አንድ ባለቀለም ክብ ሲፈካ ያያል፣ አንድ ለስላሳ ኖታም ይሰማል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ያው ኖታ ራሱን ይደግማል፤ እንደገናም ይደግማል፤ እየደከመ ሄዶ ይጠፋል። ካልነኩት ደግሞ ብሉም ራሱ መጫወት ይጀምራል። ሁሉም ድምፅ ከተመረጠ ቅኝት ስለሚመጣ የሚጋጭ የለም። ሳይጋጭ ስንት ሰዓት መስማት ይቻላል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስልኩን ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም።

በኖቬምበር የወጣው ኦካሪና ግን ጠጋ ብሎ መታየት አለበት። ሠሪው ስሙል የተባለው ድርጅት ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ጌ ዋንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሙዚቃ መምህር ነው። ፕሪንስተን ተማሪ ሳለ ከፔሪ ኩክ ጋር ቻክ የተባለ ለድምፅ ሥራ የሚሆን የፕሮግራም ቋንቋ ፈጥሮ ነበር፤ ኦካሪና ውስጥ ድምፁን የሚያመነጨው ያው ቻክ ነው። ሐሳባቸው ስልኩ ባለው ነገር ሁሉ መጫወት ነበር። ከታች ማይክሮፎን አለው፤ ስለዚህ ይነፋበት። ስክሪኑ ብዙ ጣት በአንድ ጊዜ ያውቃል፤ ስለዚህ አራት ክብ ቀዳዳ ይሳልበት። መዘንበሉን ያውቃል፤ ስለዚህ ሲያዘነብሉት ድምፁ ይንቀጥቀጥ። ተጫዋቹ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ማይክሮፎኑ ይተነፍሳል፣ ክቦቹን በጣቶቹ ይሸፍናል፣ ይከፍታል። አራት ቀዳዳ ክፍትና ዝግ ሲሆን 16 ዓይነት አያያዝ ይሰጣል።

ዋሽንት የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። በእኛ አገር የተለመደው ዋሽንትም ባለ አራት ቀዳዳ ነው። ልዩነቱን ማየት ግን ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ዋሽንት ላይ ከንፈር ትንሽ ዞር ካለ ድምፁ ይወርዳል ወይም ይወጣል፤ ጣት ቀዳዳውን በግማሽ ከሸፈነ ሌላ ድምፅ ይመጣል፤ ትንፋሽ ሲበረታ ዜማው ወደ ላይኛው እርከን ይዘላል። ጀማሪ ደግሞ መጀመሪያ ላይ የሚያወጣው ንፋስ ብቻ ነው። ኦካሪና ይህን ሁሉ አስቀረ። የነፋ ሁሉ ድምፅ ያወጣል፣ ድምፁም ሁልጊዜ የተቃኘ ነው። ጊዜውን ግን አልነካም። ከኋላ የሚሄድ ምት የለም፤ ኖታው የሚጀምረው ተጫዋቹ ሲተነፍስ፣ የሚያበቃውም ትንፋሹን ሲያቆም ነው። ስለዚህ ኦካሪና ላይ መጥፎ መጫወት ይቻላል፤ መሻሻልም ይቻላል። አንድ ጌም የሙዚቃ መሣሪያ ሊባል የሚገባው እንዲህ ሲሆን ይመስላል።

ሌላም ነገር ነበረው። ተጫዋቹ ሲደክመው ሉሉን ይከፍታል፤ ምድር በጨለማ ውስጥ ትዞራለች፣ ከዚህም ከዚያም ብርሃን ይፈነጥቃል፣ አንድ የማያውቀው ሰው የሆነ ቦታ የተጫወተው ዜማ ይሰማዋል። በመረቡ የሚሄደው የተቀዳ ድምፅ አልነበረም። ትንፋሹ፣ ጣቶቹና የስልኩ መዘንበል ብቻ ተመዝግበው ይላካሉ፤ ድምፁን የሚሰማው ሰው ስልክ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ኢንተርኔቱ ለሚንቀራፈፍበት አገር ይህ ዘዴ ዛሬም ቢሆን የሚሰረቅ ሐሳብ ነው።

ታዳሚው አንድ ነገር እንዳይቀላቀልበት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሙዚቃ ጌም ተብለው በብዛት የሚወርዱት ምንም የማያስፈጥሩ ናቸው። ጊታር ሂሮ የተባለው ጌም ልጆች፣ በ2014 የወጣው ነጩን ሰቅ አትንካ የሚለው የፒያኖ ጌም፣ የቬትናሙ አማኖትስ የሚያወጣው ማጂክ ታይልስ፣ ሁሉም ሌላ ሰው የጨረሰውን ዘፈን ከላይ ያወርዳሉ፤ ጣት የሚጠየቀው በሰዓቱ መገኘትን ብቻ ነው። ከተገኘ ዘፈኑ ይቀጥላል፣ ካልተገኘ ይቆማል። ፍጥነትንና ጆሮን ያሠለጥኑ ይሆናል፤ ተጫዋቹ ግን ዜማው ላይ ሥልጣን የለውም። የስሙል ማጂክ ፒያኖ በመካከል ይቆማል፤ ኖታውን እሱ ይመርጣል፣ መቼ እንደሚነካ ግን ለጣት ይተወዋል፤ አንዱ የሚያጣድፈውን ዜማ ሌላው ሊያስለቅስበት ይችላል።

በሌላው ጫፍ ያለው የፈረንሳዩ ኢንክሬዲቦክስ ነው። ሶ ፋር ሶ ጉድ የተባለ ቡድን በ2009 በኢንተርኔት ላይ አወጣው፤ በኋላም ወደ ስልክ ገባ። ስክሪኑ ላይ ሰባት እርቃናቸውን የቆሙ የሚመስሉ ልጆች ተሰልፈዋል፤ ከሥራቸው 20 ምልክቶች አሉ። አምስቱ ምት፣ አምስቱ ልዩ ልዩ ድምፅ፣ አምስቱ ዜማ፣ አምስቱ የሰው ድምፅ ናቸው። አንዱን ምልክት ጎትቶ ልጁ ላይ የጣለ ሰው ልጁን ያለብሰዋል፣ ልጁም በአፉ ከበሮ መምታት ወይም ማንጎራጎር ይጀምራል። ሃያዎቹም በአንድ ፍጥነት፣ በአንድ ቅኝት የተቀዱ ስለሆኑ የትኞቹም ሰባት ቢገጣጠሙ ይስማማሉ። ኪርንበርገር ተነሥቶ ቢያየው ማስረዳት አያስፈልገውም ነበር።

እዚህ የተከለከለው ብዙ ነው፦ ኖታ መምረጥ የለም፣ ምት መለወጥ የለም። የተተወው የዝግጅት ሥራ ነው። ማን ቀድሞ ይግባ? ማን ዝም ይበል? ሁሉም አብረው ሲጮኹ ከመቆየት ሁለቱን ብቻ ማስቀረት ለምን ይሻላል? የስምንት ዓመት ልጅ ይህን በጨዋታ ሲደርስበት ማየት ያስደስታል፤ ስቱዲዮ ውስጥ የሚቀመጥ አቀናባሪም ከዚህ የራቀ ጥያቄ የለውም። ለወላጆች አንድ ማስጠንቀቂያ በመንገድ፦ በ2024 ልጆች መካከል እንደ እሳት የተዛመተው ስፕሩንኪ አድናቂዎች በራሳቸው የቀየሩት ነው እንጂ የፈረንሳዮቹ ሥራ አይደለም፤ ውስጡም የሚያስፈራ ክፍል ተደብቋል።

አሁን ወደ ቴክኒኩ። ብዙዎቹ ጥሩ ጌሞች መጀመሪያ በአይፎን ብቻ የወጡበት አንዱ ምክንያት መዘግየት ነው፤ ጣት ስክሪኑን ከነካበት ቅጽበት ድምፁ እስኪወጣ ያለው ጊዜ። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስልኩ 10 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ሙዚቀኛው ከመሣሪያው 3.4 ሜትር ርቆ እንደቆመ ነው፤ ይህ ያስኬዳል። የቀድሞዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ግን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ፣ አንዳንዶቹም ከዚያ እጅግ በላይ ይዘገዩ ነበር። 200 ሚሊሰከንድ የሚዘገይ ስልክ ላይ ከበሮ የሚመታ ሰው ለዓለም አቀፍ ግጥሚያ የተሰመረ የኳስ ሜዳ አንደኛው ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ በወርዱ ማዶ፣ 68 ሜትር ርቆ ከተቀመጠው ከበሮ ድምፁ እስኪደርስለት እንደሚጠብቅ ነው። እንዲህ ሆኖ እስክስታ አይመታም።

ጉግል በ2017 ከአንድሮይድ 8 ጋር ኤኦዲዮ የተባለ አዲስ የድምፅ መንገድ አስገባ፤ ቀጥሎም ኦቦ የተባለውን መሣሪያ ለፕሮግራመሮች አቀረበ። ችግሩ ቀሎአል፤ በርካሽ ስልኮች ላይ ግን አልጠፋም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የአብዛኛው ሰው ስልክ አንድሮይድ ነው። ብልህ ሠሪዎች መዘግየቱን የሚያልፉት በመደበቅ ነው። ኢንክሬዲቦክስ ላይ አዲስ የለበሰው ልጅ ወዲያው አይዘፍንም፤ ዙሩ እስኪመጣ ይጠብቃል። ብሉም ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ መነሻው በትክክል የት እንደሆነ ጆሮ አይይዘውም። ሰው ድምፁ የዘገየበት አይመስለውም፤ ጌሙ ሥነ ሥርዓት ያለው ይመስለዋል።

ከሁሉም ለዚህ አዳራሽ ታዳሚ የሚቀርበው በጉግል ክሮም ሚዩዚክ ላብ ውስጥ ያለው ሶንግ ሜከር ነው። ቤተ ሙከራው በ2016 ተከፈተ፤ ሶንግ ሜከር በ2018 ተጨመረበት። ነጻ ነው፣ አካውንት አይጠይቅም፣ በስልኩ ብራውዘር ይከፈታል፣ የተሠራው ዜማም በሊንክ ይላካል። ስክሪኑ በሰቅ ሰቅ የተከፈለ ነው፤ ወደ ጎን ጊዜ ይሄዳል፣ ወደ ላይ ድምፅ ይወጣል፣ ከታች ለከበሮ የተተዉ ሁለት ረድፎች አሉ። ሰቁ ሲነካ ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ ኖታ ነው።

ማስተካከያው ውስጥ ሲገቡ ነገሩ ይጥማል። ሦስት የድምፅ ምርጫ አለ፦ ሜጀር፣ ፔንታቶኒክና ክሮማቲክ። ፔንታቶኒክ የሚለውን የመረጠ ሰው ቅድም ጥቁር ቁልፎች ላይ ያገኘውን ትዝታ ሜጀር መልሶ አገኘ ማለት ነው። ቀጥሎ ምቱ። ጌሙ ሲከፈት እያንዳንዱን ምት ለሁለት ይከፍለዋል፤ ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት መሣሪያዎችም 16 ሰቅ ይዘው ለሁለትና ለአራት ብቻ ይካፈላሉ። በስድስት ስምንተኛ የሚጻፈው ችክችካ እንዲህ ባለ ሰቅ ውስጥ ሲገባ ያነክሳል፤ 16 ለሦስት አይካፈልምና። ሶንግ ሜከር ላይ ግን ምቱን ለሦስት ክፈል ማለት ይቻላል። በመስመር ሁለት ምት፣ እያንዳንዱ ለሦስት፣ ስድስት ሰቅ ይሆናል። የከበሮው ረድፍ ላይ አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውንና ስድስተኛውን የቀባ ሰው፣ ፍጥነቱን ከፍ ሲያደርገው ትከሻው አይቀመጥለትም። ሙያ ያለው ከበሮ መቺ ሦስቱን ክፍል እንደ ሰቁ እኩል አይመትርም፤ ማሽኑ እዚያ ድረስ አይሄድም።

አምባሰልንና አንቺሆዬን የሚፈልግ ፔንታቶኒክን ትቶ ክሮማቲክ ውስጥ መግባት አለበት። በእያንዳንዱ እርከን 12 ረድፍ ይከፈትለታል፤ ለአምባሰል አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ይዞ ሌሎቹን አለመንካት ነው። ለአንቺሆዬ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛውና አሥረኛው ናቸው። እዚህ የጌሙ ጥበቃ ያበቃል። የሚከለክለው ሰው ራሱ ተጫዋቹ ሆኗል፤ ረድፍ ከሳተ ይሳሳታል። ማሲንቆ የሚሰማ ጆሮ ደግሞ እነዚህ 12 ረድፎች በመካከላቸው ያለውን ድምፅ እንደማይዙ ወዲያው ይነግረዋል።

ሙዚቃ አስተማሪዎች፣ ልጁ ምንም ሳይለፋ ጥሩ ድምፅ ከሰማ ለምን ይለፋል ሲሉ ይደመጣሉ። ስጋታቸው ባዶ አይደለም፤ ብሉም ላይ አንድ ዓመት የኖረ ሰው ከመጀመሪያው ቀኑ ብዙም አይርቅም። ይሁንና ዘዴውን የጀመሩት ጌም ሠሪዎች አይደሉም። ጀርመናዊው የዜማ ደራሲ ካርል ኦርፍ በ1924 ሙኒክ ውስጥ ከተከፈተው የጉንተር ትምህርት ቤት ተነሥቶ ከጉኒልድ ኬትማን ጋር ባዳበረው የማስተማር ዘዴ፣ ልጆች የሚመቱት ዛይሎፎን ሰሌዳዎቹ የሚነቀሉ ናቸው። አስተማሪው አምስት ድምፅ አስቀርቶ ሌላውን ያነሣል፤ ልጆቹ ሲበስሉ የተነሣውን አንድ በአንድ ይመልሳል። ብዙ ጌሞች የሚጎድላቸው ይህ መመለስ ነው። ሰሌዳውን ያነሣሉ፤ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹን የሚጠብቀው ማስታወቂያና የወር ክፍያ ነው።

በእኛ በኩል ደግሞ ክራር አለ። አምስት ወይም ስድስት ክሩ በቅኝት ከተወጠረ በኋላ ከቅኝቱ የሚወጣ ድምፅ የለውም። በግርፍ ሲጫወቱት ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ላይ ይመታል፤ ዜማውን የሚሠራው ግን የግራ እጅ ነው፣ የማይፈለጉትን ክሮች በጣት እየነካ ዝም ያሰኛል። የሚሰማው ሳይነካ የቀረው ክር ነው። ይህን አጨዋወት ወደ ስክሪን ለማምጣት የሚያስፈልገው ብዙ ጣት በአንድ ጊዜ የሚያውቅ ስልክ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ አለ።

ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣት ካለ ሥራው ተዘርግቶለታል። አምስት ክር ስክሪኑ ላይ ይሳል፤ አንድ ጣት ሲጠርጋቸው ሁሉም ይጩሁ፣ የሌላው እጅ ጣቶች ያረፉባቸው ዝም ይበሉ። ከጎን አራት ምርጫ ይቀመጥ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። የለመደ ሰው ክሩን በራሱ ጆሮ የሚቃኝበት፣ ጥበቃውን የሚያነሣበት ቦታም አይጥፋ። የሠራውን ለጓደኛው ሲልክ የጣቶቹ እንቅስቃሴ ብቻ ተጽፎ ይሂድ፤ ዳታ አይበላም። ከበሮውን ግን በጣት እንዲመታ አያድርግ፤ ርካሾቹ ስልኮች እስኪፈጥኑ ድረስ ለሦስት በተከፈለ ሰቅ ውስጥ ይቀመጥና ተጫዋቹ እየቀባ ይሙላው።